ሐኪም ሳለሁ አስተርጓሚ የሆንኩበት ሳምንት

ሰኞ፣ ጥቅምት 12

መለሱት። የሐኪምነት ፈቃድ ማመልከቻዬን ለሦስተኛ ጊዜ መለሱት።

ደብዳቤው በጠዋቱ አውቶቡስ ከደሴ መጣ። ፖስታውን የቀደድኩት አስፋልቱ ዳር ቆሜ ነው፤ ቤት እስክደርስ መታገሥ አቃተኝ። ግማሽ ገጽ እንኳ አይሞላም። ዲፕሎማዬ ላይ በአረብኛ የተጻፈው «ሰኢድ» ነው፣ ማመልከቻዬ ግን «ሰይድ» ይላል፤ ስለዚህ ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸው ይረጋገጥ ይላል። ያስተማረኝ ዩኒቨርሲቲም በቀጥታ አዲስ አበባ ላለው ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤት ይጻፍ ይላል። እስከዚያው በማናቸውም የሕክምና ሥራ እንዳልሰማራ «በጥብቅ እናስታውቃለን»።

ሰኢድና ሰይድ! እናቴ፣ አላህ ይማራትና፣ ሰይዶ ነበር የምትለኝ። እሱንም ይጨምሩበት።

ዩኒቨርሲቲው ይጻፍ ይላሉ። ዩኒቨርሲቲው ካይሮ ነው ያለው። ካይሮ ደግሞ ጦርነት ላይ ናት። እኅቴ ዘሐራ ቤት ያለው ራዲዮ ከሁለት ሳምንት በላይ ሌላ ወሬ የለውም። የመምህሮቼ ግማሽ ይህን ጊዜ ካናሉ አጠገብ ቁስለኛ እየሰፉ ይሆናል። ለነሱ ነው «የተማሪያችሁን ስም በአማርኛ እንዴት እንደምትጽፉት አሳውቁን» ብዬ የምጽፈው።

ሰባት ዓመት። ስድስቱን ተምሬ፣ አንዱን ሆስፒታል ውስጥ ሠርቼ። «ለራያ ሐኪም እሆናለሁ» ብዬ የመጣሁ ቂል።

ረሃብተኛው የሰፈረበት መጠለያ ውስጥ እንድሠራ የተፈቀደልኝ፦

ገንፎ ማደል።
የመጣውን ሰው ስም መመዝገብ።
የዱቄት ወተት መበጥበጥ።
ሬሳ መሸከም።

ሬሳ ለመሸከም ዲፕሎማ የጠየቀኝ የለም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 13

ሦስተኛው ሸራ ሥር ያሉት ሰዎች ወባ አይደለም የያዛቸው። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ እየጠረጠርኩ ነበር፤ ዛሬ በዓይኔ አየሁት።

ክሊኒኩ ውስጥ አንድ ማይክሮስኮፕ አለ። ማን እንዳመጣው የሚያውቅ የለም። ድሬሰሩ ጋሽ ታረቀኝ በጨርቅ ሸፍኖ መደርደሪያ ላይ አስቀምጦታል። ስለምነው ስለምነው «ማየት ብቻ ከሆነ እይ» አለኝ። ከአራት ሰዎች ጣት ደም በስላይድ መስታወት ላይ ወስጄ፣ ማይክሮስኮፑን ለብርሃን መስኮቱ ሥር አስቀምጬ አየሁት። ሦስቱ ላይ አለ። እንደ ክር የቀጠነ፣ የተጠማዘዘ፣ የሚወራጭ። ግርሻ ነው። በቅማል የሚተላለፈው፣ አምስት ስድስት ቀን አቃጥሎ የሚለቅ፣ «ዳንኩ» ሲሉ የሚመለስ። ለወባ የሚሰጠው ክሎሮኪን ዝንቡን እሽ አይልለትም። ቴትራሳይክሊን ነው መድኃኒቱ። ቴትራሳይክሊኑ ደግሞ እዚያው ክፍል ውስጥ፣ ከማይክሮስኮፑ ሁለት ክንድ ርቆ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል።

«ጋሽ ታረቀኝ፣ ይዩት እስኪ፣ እርስዎም ይዩት» አልኩት።

አጎንብሶ አየ። ለረጅም ጊዜ አየ። «አየሁት» አለ። «አየሁት ብሎ የሚፈርመውስ?»

«እኔ እፈርማለሁ።»

«አንተማ ፈቃድ የለህም፣ ሰይዶ። ፈቃድ በሌለው ሰው ትእዛዝ መድኃኒት አውጥተህ ብትገኝ ተብሎ የተጻፈልኝን አሳየሁህ አይደለም ወይ? ግራዝማች እጄን ነው የሚቆርጠኝ። ሰባት ነፍስ ነው በዚህ እጅ የሚበላው።»

ጋሽ ታረቀኝ ልጅ ሳለሁ ክትባት የወጋኝ ሰው ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር፤ ጉሮሮውን እይዘው ነበር። ግራዝማች ይመር ግን የመጠለያው ኃላፊ ነው፤ ትእዛዙን የሚያነበው እንደ ዳዊት ነው። አንድ ቃል አይዘልም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሴን ሞተ። ከሮቢት በታች ካለው ቆላ የመጣ ገበሬ ነው፤ በሬዎቹ ካለቁ በኋላ ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ይዞ በእግሩ የመጣ። አባቴን ያውቀው ነበር። ዓይኑ ቢጫ ሆኖ፣ ነስሩ አልቆም ብሎ፣ እጄን ይዞ «ያ የጀማል ልጅ አንተ ነህ? ሐኪም ሆነ ያሉት?» አለኝ።

ነኝ አልኩት።

«እንግዲያማ ደረስኩ» አለ።

እንግዲያማ ደረስኩ አለ! ሁለት ፍሬ ኪኒን ነበር የሚያስፈልገው።

ሚስቱ ለከፈን የሚሆን ጨርቅ ስትፈልግ ዋለች። ተሸክሜ ወሰድኩት። ይኸ ተፈቅዶልኛል።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 14

ሐኪም መጣ። ፈረንጅ። በላንድ ሮቨር፣ ከጫማው ላይ አቧራው ሳይራገፍ፣ በግራዝማች ታጅቦ። ፒተር ይባላል። በዕድሜ ከእኔ ቢያንስ በሁለት ዓመት ያንሳል። አፍሪካን ሲያይ የመጀመሪያው ነው።

ግራዝማች የፈቃዱን ወረቀት እንደ ታቦት ከፍ አድርጎ ይዞ ለሁሉም አሳየ። እኔም አየሁት። ከዚያው መሥሪያ ቤት ነው። ያው ማኅተም፣ ያው ፊርማ። አገር ውስጥ የገባው ቅዳሜ፣ ፈቃዱ የተጻፈው ሰኞ። የእኔ ደብዳቤ አውቶቡስ ላይ ሆኖ ወደ ቆቦ ሲመጣ፣ የሱ ወረቀት እየተመታ ነበር ማለት ነው። ስሙን በአማርኛ «ፔተር» ብለው ነው የጻፉት። ፓስፖርቱ ላይ ፒተር ነው። ይረጋገጥ ያለ የለም።

ይምጣ። ከየትም ይምጣ፣ ሰው እያለቀ ነው፤ እኔ ሐኪም መጣ ብዬ አልቆጣም። ግን እኔስ? እኔስ ከየት ነው የመጣሁት?

ግራዝማች ጠራኝና ትከሻዬን መታ አደረገኝ። «ሰይድ፣ እንግሊዝኛ ትችላለህ አይደል? በል እንግዲህ፣ ሥራ አገኘህ። ለዶክተሩ አስተርጓሚ ነህ።»

እምቢ ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ሁሴን ትዝ አለኝ። እሺ አልኩ።

ሦስተኛው ሸራ ሄድን። መጀመሪያ ያየናት እታገኝ የምትባል ሴት ናት፣ ከላይ ከደጋው የወረደች፣ የሠላሳ ዓመት ሰው። «አጥንቴ ተሰባበረ» አለች። «ባለፈው ስድስት ቀን አቃጥሎኝ ለቆኝ ነበር፤ ይኸው ተመልሶ ያዘኝ።»

ተረጎምኩ። ከዚያ አላቆምኩም። ግርሻ ነው አልኩት ለፒተር፣ ደሙን አይቻለሁ፣ ጉበቷን ዳስስ፣ አብጧል፣ የልብሷን ስፌት ተመልከት፣ ቅማሉን ታየዋለህ፣ መድኃኒቱ ቁም ሳጥን ውስጥ አለ።

ግራዝማች አጠገባችን ቆሞ ነበር። «ያለችው ያን ያህል ረጅም ነው እንዴ?» አለ።

«እንግሊዝኛ ሲሆን ይረዝማል» አልኩት።

ፒተር ግን ትኩር ብሎ አየኝ። አንተ ምንድን ነህ አለኝ። ሐኪም ነኝ አልኩት። ከዚያ የሆነውን ነገርኩት፤ ስሙን፣ ደብዳቤውን፣ ጦርነቱን። የሚስቅ መስሎኝ ነበር። አልሳቀም። «ስላይዱን አሳየኝ» አለ።

አሳየሁት። ይህን በሽታ መጽሐፍ ላይ እንጂ በዓይኑ አይቶት አያውቅም። እሱው ራሱ ነው የነገረኝ፤ አላፈረበትም። ይህም አናደደኝ። ደግ ሰው ነው። ደግነቱም ያናድደኛል።

ፈረመ። ጋሽ ታረቀኝ ቁም ሳጥኑን ከፈተው። ቁልፉን ሲያዞር ዓይኔን አላየም። መሽቶ ስለነበር መስጠቱን ለነገ አደረግነው።

ዛሬ ማፍጠሪያ ላይ ዘሐራ «ምነው ዝም አልክ?» አለችኝ። ውኃውን ጠጣሁ። ረመዳን ነው፤ ቁጣ ፆም ያበላሻል ይላሉ። የእኔ ከተበላሸ ከርሟል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 15

ከባድ ቀን። በቅደም ተከተል ልጻፈው፣ አለዚያ ነገ ለራሴ እዋሻለሁ።

ጠዋት ልብስ መቀቀል ጀመርን። ሁለት በርሜል፤ ለማገዶ የማሽላ አገዳና የግራር ጭራሮ ከየትም ተለቃቅሞ። ልብሱ እስኪፈላ ሰዉ በጆንያና በሸራ ተጠቅልሎ ፀሐይ ላይ ተቀመጠ። ሴቶቹን ለብቻ፣ ወንዶቹን ለብቻ አደረግናቸው፤ ፒተር ይህን አላሰበበትም ነበር።

ከዚያ ፀጉር መላጨት። እታገኝ እምቢ አለች። ሹሩባዋን በሁለት እጇ ይዛ «ፀጉር የሚላጨው ለሐዘን ነው» አለች። «እኔ ማን ማን እንደሞተብኝ ገና ቆጥሬ አልጨረስኩም። ሳልጨርስ አልላጭም።»

ፒተር ምን አለች አለኝ። መተርጎም አቃተኝ። እምቢ አለች ብቻ አልኩት። ዘይት ተቀብታ ቅማሉን በማበጠሪያ እንድታወጣው ተስማማን።

አራት ሰዓት ላይ መድኃኒቱን ሰጠን። ለያንዳንዱ ሁለት ፍሬ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ለፒተር አስቀድሜ ነግሬዋለሁ፦ መድኃኒቱ ሲሠራ መጀመሪያ ሕመሙን ያባብሳል፤ ተሕዋሱ ባንድ ጊዜ ሲሞት ሰውነት ይናወጣል፤ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ መንቀጥቀጥ ይመጣል፤ አትደንግጥ።

ነገር ግን መስማትና ማየት ለየቅል ነው። ስድስት ሰዓት ላይ ሦስተኛው ሸራ በሙሉ ተንቀጠቀጠ። ጥርስ ሲንገጫገጭ ከመንገዱ ይሰማል። እታገኝን ሁለት ሴቶች ደግፈው ያዟት። ከጎኗ ያለው ሽማግሌ ሰውነቱ እንደ ምጣድ ጋለ፣ ከዚያ የደም ግፊቱ ወረደ፣ ላቡ ቀዘቀዘ። ጋሽ ታረቀኝ «ገደልናቸው!» ብሎ ራሱን ያዘ። ፒተር ፊቱ ወረቀት መሰለ። ለቀሩት አንስጥ፣ እናቁም አለኝ።

ጮህኩበት። በሰው ፊት ጮህኩበት። ካቆምክ የቀሩት ሳምንት ሳይሞላ ይሞታሉ፣ እግራቸውን ከፍ አድርግ፣ ውኃ በማንኪያ ስጥ፣ ማንም ብድግ እንዳይል አድርግ፣ ተቀመጥና ጠብቅ!

ጠበቅን። እየዞርን የልብ ምት ቆጠርን። አሥር ሰዓት ገደማ አንድ ባንድ ላቡ መጣ፣ ትኩሳቱ ወረደ። እታገኝ ዓይኗን ገልጣ «ርቦኛል» አለች። ርቦኛል ማለት እዚህ አገር ጉድ የሚባል ቃል አይደለም፤ እሷ ግን ከሦስት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ያለችው።

ሽማግሌው ግን ሞተ። ስሙ ካሣ ነው። አብሮት የመጣ ሰው የለም።

የገደለው ሕመሙ ነው? ረሃቡ ነው? መድኃኒቱ ነው? አላውቅም። ጠግቦ የሚያድር ሰው ቢሆን ይቋቋመው ነበር። ግማሽ መጠን ልሰጠው ይገባ ነበር መሰለኝ። መሰለኝ ሳይሆን ይገባ ነበር። ነገ ለደከሙት አንድ ፍሬ ብቻ።

ፒተር «የፈረምኩት እኔ ነኝ፣ በእኔ ላይ ነው» አለ። አይደለም አልኩት። አንተ ፈረምክ፣ እኔ ነኝ ያዘዝኩት። እንኳን ሕያዋኑ ሙታኔም በሌላ ሰው ስም መመዝገባቸው ነው?

ዓርብ፣ ጥቅምት 16

ፒተር ሄደ። ኮረም ያለው መጠለያ ከኛ ይብሳል ብለው ጠዋት መኪና ላኩበት። እኛ ዘንድ የዋለው ሁለት ቀን ብቻ ነው።

ከመሄዱ በፊት ክሊኒኩ ውስጥ በሩን ዘግቶ ከቦርሳው የመድኃኒት ማዘዣ ወረቀቶች አወጣ። ባዶ ናቸው፤ ከግርጌያቸው ግን ፈርሞባቸዋል። ሃያ ይሆናሉ። «የሚያስፈልግህን ጻፍባቸው» አለኝ።

አልነካቸውም። ጠረጴዛው ላይ ትቻቸው ስለ ሌላ ነገር አወራን። ከዚያ ቁጣዬ መጣ። እንዲህ አልኩት፦ በአረብኛ ሰኢድ ነኝ፣ በአማርኛ ሰይድ ነኝ፣ ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ ፒተር ልሁን? በገዛ አገሬ፣ የገዛ ዘመዶቼን ለማከም?

ወረቀቶቹን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ «ትክክል ነህ። ግን ሦስተኛው ሸራ ውስጥ ያሉት ሰዎች ይህን ክርክር አይበሉትም» አለ። ቃል በቃል እንዲህ ነው ያለው። ልሰድበው ፈለግኩ። እውነቱን ነው።

ለዚያ መሥሪያ ቤትም ደብዳቤ እጽፋለሁ አለ። ይጻፍ። የሱን ያነቡለት ይሆናል።

ወረቀቶቹን ወሰድኳቸው። ከጁምዓ ሶላት በኋላ ተመልሼ ዘጠኙን ጻፍኩ። በንዴት እየተጫንኩ ነው የጻፍኩት፤ አንዱን እስክርቢቶው በሳው። ጋሽ ታረቀኝ የኔን የእጅ ጽሕፈት ያውቃል። አንድ ባንድ አነበባቸው። መድኃኒቱን ቆጥሮ ሰጠኝ።

ዘጠኝ ሰው። ለደከሙት አንድ አንድ ፍሬ። መንቀጥቀጡ መጣ፣ ግን ቀለል አለ። ማንም አልሞተም። ማንም!

ጨረቃ ታየች አሉ። ነገ ዒድ ነው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 17

ዒድ ሙባረክ ለእኔ።

ከሶላት ስመለስ ክሊኒኩ በር ላይ ግራዝማች ቆሞ አገኘሁት። ወረቀቶቹ እጁ ላይ ናቸው። ጋሽ ታረቀኝ ከፊቱ እንደ ተማሪ ተገትሯል።

«ፈረንጁ ትናንት ጠዋት ነው ኮረም የሄደ» አለ ግራዝማች። «የትናንት ከሰዓቱን ማዘዣ ማን ጻፈው?»

እኔ ነኝ ልል ስል ጋሽ ታረቀኝ ቀደመኝ። «የሰይድ ጽሕፈት ነው፣ ጌታዬ። አውቄ ነው መድኃኒቱን ያወጣሁት።»

«አውቀህ?»

«አዎ። ማክሰኞ ዕለት ያ ሁሴን የሚባለው ሰው ሲሞት ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ እህል አልዋጥ ብሎኛል። እጄን መቁረጥ ከሆነ ይቁረጡ።»

ይህን ሰው አራት ቀን ሙሉ በልቤ ስሰድበው ነበር።

ግራዝማች የቀሩትን ወረቀቶች አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። ጋሽ ታረቀኝ እስኪጣራ ከደመወዝ ታግዷል። እኔ ደግሞ መጠለያው ግቢ እንዳልደርስ። «ነገሩን ለፖሊስ ያላመለከትኩት ዒድ ስለሆነ ነው» አለኝ። ስጦታ መሆኑ ነው።

«ግራዝማች፣ ሰዉ ድኗል እኮ! ገብተው ይዩ!» አልኩት።

«ድኖም ቢሆን ያለ ደንብ ነው የዳነው» አለ።

ይህን ዐረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ነው የጻፍኩት፤ አንዱን ሰረዝኩት። ያለ ደንብ የዳነ። ከዚህ በኋላ በደንብ ይሙቱ ነዋ።

ዘሐራ የዒዱን ምግብ አቀረበች። ቤት ውስጥ ያለው ትንሽ ነው፤ እሱንም ለጎረቤት አካፍላ ነው። አንድ ጉርሻ ዋጥኩና ተውኩት።

ስምንት ሰዓት ላይ የግራዝማች ዘበኛ መጣ። ሊያስሩኝ ነው ብዬ ነጠላዬን አነሳሁ። ዘበኛው ግን ጎንበስ ብሎ «ግራዝማች በቤታቸው ይፈልጉዎታል፣ ዶክተር» አለኝ።

ዶክተር!

ሚስቱ ናት የታመመችው። ወይዘሮ አልጋነሽ። ለመጠለያው ሴቶች ልብስ ስታድል ከርማለች፤ ደግ ሴት ናት ይሏታል። ባለፈው ሳምንት አቃጥሏት ለቋት፣ ትናንት ተመልሶባታል። ደሴ እንዳይወስዳት መቀመጥ አትችልም። ዓይኗ ቢጫ ነው። ከደጁ ሆኜ አውቄዋለሁ።

እውነቱን ልጻፍ። በሩ ላይ ቆምኩ። አልገባሁም። ግራዝማች «ግባ እንጂ» ሲለኝ፣ መጀመሪያ ፈቃድ ጻፍልኝ ልለው ነበር። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። የሁሴን ሚስት በሯን ዘግታ የምትደራደርበት ነገር አልነበራትም፤ ይሄ ለምን ይኖረዋል? ለምን አላስለምነውም?

ከዚያ ሴትዮዋ አቃሰተች። ገባሁ።

«ቴትራሳይክሊን ያስፈልጋል። ማዘዣ ላይ ማን ይፈርማል?» አልኩት። ይህቺንማ አልተውኩለትም።

«ምን ማዘዣ ያስፈልጋል!» አለ ግራዝማች። «ታረቀኝን ጥሩት፣ ይዞ ይምጣ!»

ጋሽ ታረቀኝ ከእገዳ ተጠርቶ መድኃኒቱን ይዞ መጣ። አንድ ፍሬ ሰጠኋት። መንቀጥቀጡ ሲመጣ ግራዝማች እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ «ገደልካት» አለኝ፣ ቀጥሎ ደግሞ «አትሂድብኝ» አለኝ። አጠገቧ ቁጭ ብዬ ምቷን ቆጠርኩ። ፀሐይ ስትጠልቅ ላቧ ፈሰሰ። ውኃ ጠየቀች።

ግራዝማች ወጥቼ ስሄድ እስከ አጥሩ ሸኘኝ። እጄን በሁለት እጁ ያዘ። «ይህ ነገር በእኔና ባንተ መካከል ይቅር» አለ።

«ይቅር» አልኩት። «መጠለያው ውስጥ ያሉትስ?»

«ሥልጣን የለኝም፣ ሰይድ። እኔም በላዬ ሰው አለ።»

እጄን ነጠቅኩት።

እሑድ፣ ጥቅምት 18

ማንንም ሳልጠይቅ ሄድኩ። ፀሐይ ገና ሳትከር። ዘሐራ «ያስሩሃል» አለች። «ይሰሩኝ፣ እስር ቤትም ቅማል አለ፣ እዚያም ሥራ አይጠፋም» አልኳት። ሳቀች፤ ከዚያ አለቀሰች።

የመጠለያው ዘበኛ በሩ ላይ ዱላውን አግድሞ «ታዝዣለሁ» አለ። «እሺ፣ ታዘዝ» አልኩትና አለፍኩ። አልነካኝም።

ጋሽ ታረቀኝ ቀድሞኝ ገብቷል። ደመወዝ የለው፣ ሥልጣን የለው፣ በርሜሉ ሥር እሳት እየቆሰቆሰ ነው። «ስንት አዲስ ገባ?» አልኩት። «ሌሊቱን ብዙ ነው» አለ። የቁም ሳጥኑን ቁልፍ ከትናንት ወዲህ የተቀበለው የለም፤ ኪኒኑን አውጥተን ተከፋፍለን ጀመርን።

አራት ሰዓት ላይ ግራዝማች መጣ።

ሁላችንም አየነው። ዓይኑ ቀልቷል፣ አልተኛም። የአንዲት ሴት ጉበት እየዳሰስኩ ነበር፤ እጄን አላነሳሁም። አምስት እርምጃ ያህል ርቆ ቆመ። እኔን አየ፣ ጋሽ ታረቀኝን አየ፣ መሬት ላይ የተደረደሩትን የኪኒን ብልቃጦች አየ።

ከዚያ ወደ ዘበኛው ዞሮ «ያ በርሜል መንገድ ዘግቷል፣ ወዲያ አድርጉት» አለ።

ሄደ። ሌላ ቃል አልተናገረም።

ይኸው ነው። ፈቃዴ ይኸው ነው። ወረቀት የለውም፣ ማኅተም የለውም፤ አንድ ሰው ፊቱን አዞረ። ወይዘሮ አልጋነሽ ትኩሳቱ ካገረሸባት፣ ወይ ከላይ ያሉት ከጠየቁት፣ ነገ ፊቱን መልሶ ያዞረዋል። ደስ ሊለኝ ይገባል መሰለኝ። ደስ አላለኝም። ሐኪም በሌለበት አገር ሐኪም እንደ ሌባ የሚሠራበት ምክንያት አይገባኝም። እዚያ አዲስ አበባ፣ ጠረጴዛ ላይ፣ እንደኔ ስንት ሰው ተቆልሎ ይሆን? ከሞስኮ፣ ከቤልግሬድ፣ ከካይሮ? እያንዳንዳችን ስም ላይ አንዲት ፊደል እየተፈለገች?

የተሠራው፦ ብዙ ደም አየሁ። መድኃኒት ሰጠን። ልብስ ቀቀልን። አንድ ሕፃን ሞተ፤ ከግርሻ አይደለም፣ ከረሃብ ነው፤ ለሱ መድኃኒቱን ሳጥን ውስጥ የቆለፍነው እኛ አይደለንም። በግርሻ የሞተ የለም።

ልወጣ ስል አንዲት ሴት ጠራችኝ። ዛሬ ጠዋት ከጎብዬ በኩል የገባች ናት፣ ባሏን በጀርባዋ አዝላ። እሱ መንቀጥቀጡ ለቆት ተኝቷል። እሷ አልተኛችም።

«ነገም ትመጣለህ?» አለችኝ።

«እመጣለሁ» አልኳት።

«ማልልኝ።»

ምን ብዬ ልማል? ማን ፈቅዶልኝ? ሴትዮዋ ግን ዓይኗን ከፊቴ ላይ አላነሳችም።

«ወላሂ እመጣለሁ» አልኳት።